የካምፓችን መዋኛ የተጠረገ ዕለት

ሰው መዋኛ ገንዳ ሲያይ መዋኘት ያምረዋል። እኔን ግን ያስፈራኛል። አሁን አሁን ትልልቅ ሆቴል ውስጥ ሠርግ ስጠራ ሙሽሮቹ ገንዳው ዳር ቆመው ፎቶ ይነሳሉ፤ እኔ ዓይኔ የት የሚሄድ ይመስላችኋል? ጠርዙን ነው የማየው። ውሃው ጎድሏል ወይስ አልጎደለም? ልጆቼ አባባ ደግሞ ጀመረው ይላሉ። ይበሉ። እነሱ በደርግ ጊዜ ሸዋ ሮቢት ላይ ገንዳ አልጠረጉም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እኔ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ። ሙያዬ የመስኖ ፓምፕ ነው። በዚያን ዘመን ሰው የሚሄድበትን አይመርጥምና ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ወንዙ አጠገብ ያለ አንድ የመስኖ ካምፕ ተመደብኩ። ሹራብ ይዤ ነበር የወረድኩት። ሹራብ! ሦስት ወር ሙሉ ሻንጣዬን እየከፈትኩ ሳቅሁበት።

ካምፑ ውስጥ ከአንድ ወዳጅ አገር የመጡ ሁለት ፈረንጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ሙቀቱ ሲጸናባቸው ከአገራቸው በሣጥን የታሸገ መዋኛ አስመጡ። መሬት ተቆፍሮ የሚሠራ እንዳይመስላችሁ። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሰማያዊ ፕላስቲክ፣ መሬት ላይ እንዲሁ የሚቆም ነው። ጥልቀቱ እስከ ደረቴ፣ ስፋቱ አንድ ክፍል ቤት ያህላል። ከጎኑ ትንሽዬ ፓምፕ አለችው። የዚች ፓምፕ ሥራ ነው የገረመኝ። ከገንዳው ውሃ ትስባለች፣ በአሸዋ በተሞላ በርሜል ውስጥ ታሳልፍና ታጣራለች፣ መልሳ እዚያው ገንዳ ውስጥ ታፈሳለች። እኔ የማውቀው ፓምፕ ከወንዝ ስቦ ለማሳ ይሰጣል። ከእንስራ ቀድቶ እዚያው እንስራ ውስጥ የሚገለብጥ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም እስከዚያ ድረስ አላየሁም።

ፈረንጆቹ ጊዜያቸው ሲያልቅ ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት አንደኛው ጠራኝና ገንዳው ከሥሩ እንዴት እንደሚጠረግ አሳየኝ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በምልክት። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ሐበሻ ሲነቀንቅ ገብቶኛል ማለቱ አይደለም፣ ይበቃል ማለቱ ነው። ፈረንጁ ግን ይሄን አያውቅም፤ ደስ ብሎት ሄደ። ገንዳው ውሃውን እንደያዘ ቀረ። በሁለት ወር አረንጓዴ ሆነ። በአራት ወር እንቁራሪት ገባበት። በስድስት ወር እኛም ረሳነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ፈሪ ነኝ። በተፈጥሮዬ ነው እንጂ ደርግ አላመጣብኝም፤ ደርግ ማዕረግ ሰጠው እንጂ። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር የሚባለውን ተረት ሌላው ሰው ለወግ ይተርተዋል፣ እኔ ግን ገንፎ ስበላ በእውነት ስንጥር እፈልጋለሁ። በስብሰባ ላይ የማልለቀው ቦታ ነበረኝ። ከፊት አይደለም፤ ከፊት የተቀመጠ ይጠየቃል። ከኋላም አይደለም፤ ከኋላ የተቀመጠ ይጠረጠራል። መሐል ላይ፣ አንድ ረጅም ሾፌር ነበረን፣ ከእሱ ጀርባ። አንድ ቀን ሾፌሩ ታሞ ቀረ። የካምፑ ካድሬ ጓድ ደምሴ ገና ወረቀቱን እያወጣ ሳለ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈና ጓድ ወርቁ ምን አስተያየት አለህ አለኝ። ብድግ ብዬ፣ ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ አልኩ። ሰውዬው እኮ ገና አፉን አልከፈተም። ሊጠይቀኝ የፈለገው መስኮቱ ይከፈት ወይስ ይዘጋ የሚለውን ነበር።

እና ይሄ ጓድ ደምሴ አንድ ረቡዕ ጠዋት ቢሮው አስጠራኝ። ከላይ አንድ ትልቅ ጓድ ወደ ደሴ ሲያልፉ ካምፑን ይጎበኛሉ አለኝ። ነገ፣ ስምንት ሰዓት ላይ። በዚህ ሙቀት ደክሟቸው ሲደርሱ ገላቸውን ነከር ማድረግ ቢፈልጉስ? ስለዚህ ገንዳው ይጸዳ። እኔም፣ ጓድ፣ ውሃውን እንድፋውና በአዲስ እንሙላው አልኩት። ተቆጣ። ውሃ የሚያመላልሰው ቦቴ ናፍጣ የለውም፣ የመስኖው ትልቁ ፓምፕ እንኳ በናፍጣ እጦት ከቆመ ወር አልፎታል፣ ይሄን አንተ ራስህ ታውቃለህ አለኝ። እውነቱን ነው፤ በደረቁ ወር ገበሬው የወንዙን ጭላጭ በተራ እየተካፈለ ነበር። ለእንግዳው ሲባል ለጄነሬተሩ ብቻ ትንሽ ናፍጣ ተፈቅዷል። በእሷ የገንዳዋን ፓምፕ አስነሣና ከሥሩ ጥረገው፤ ውሃው እንዳለ ይቆይ አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። አንድ ጀሪካን ውሃ ብትጎድል፣ ጓድ ወርቁ፣ በተራ ስህተት አናየውም አለኝ።

በተራ ስህተት ካልታየ በምን እንደሚታይ ያን ጊዜ የነበረ ሰው ያውቃል። አሻጥር ነው። አሻጥር የተባለ ሰው ምን እንደሆነ አይጠየቅም፤ ዕቃው ብቻ ለቤተሰቡ ይመጣል።

ቤቴ ገባሁና ለሚስቴ ለአልማዝ ብርድ ልብሱን አዘጋጂልኝ አልኳት። ለምን አለች። ድንገት ቢይዙኝ አልኳት። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ብርድ ልብስ ምን ያደርግልሃል አለችኝ። ወደ ደጋ ከወሰዱኝስ? እሷም፣ አንተ እኮ እስር ቤቱንም ራስህ ትመርጣለህ አለች። ግን አዘጋጀችው። አልማዝ አፏ እንጂ ልቧ እንደኔ ነው።

በነጋታው ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ገንዳው ጋ ነበርኩ። መጥረጊያው የሚሠራው እንዲህ ነው። ሰፊ ራስ አለው፣ ከሥሩ ብሩሽ። በረጅም ዘንግ ጫፍ ይገጠማል። ከራሱ እስከ ፓምፑ መሳቢያ ቀዳዳ ድረስ ጎማ ይሄዳል። ፓምፑ ሲስብ መጥረጊያው ከወለሉ ላይ ደለሉን ይመጥጣል። ችግሩ አየር ነው። ጎማውን መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ነክረህ፣ አየሩን አስወጥተህ፣ እስከ አፉ በውሃ ሞልተህ ካልገጠምከው ፓምፑ አየር ይውጥና ደርቆ ይቀራል። ይሄን ማንም አያስተምረኝም፤ ፓምፕ ሁሉ ጠባዩ አንድ ነው። ጎማውን እንደ ሕፃን ገንዳ ውስጥ አስተኝቼ፣ እያጎነበስኩ፣ የአየር አረፋው እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ገጠምኩ። አስነሣሁ። ሳለ፣ ሳለ፣ ከዚያ ያዘ።

መጥረጊያውን ቀስ ብዬ ገፋሁት። ፈጠን ካልክ ደለሉ ይነሣና ገንዳው ሙሉ ይደፈርሳል። ቀስ ስል ከኋላው ሰማያዊ መስመር ወጣ። አንድ ክንድ ስፋት ያለው፣ ንጹሕ፣ ሰማያዊ መስመር! እንዲያ ደስ ያለኝ የመጀመሪያ ደመወዜን የተቀበልኩ ዕለት ነው። ሁለተኛውን መስመር ሳወጣ መዝፈን ጀመርኩ። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ ይባል የለ?

ቀና ስል ፓምፗ ያጣራችው ውሃ ተመልሶ በሚገባበት አፍ በኩል ጭቃ እየወጣ ነው። ቡና የመሰለ ጭቃ።

ምክንያቱን ወዲያው አወቅሁት፤ ማወቄ ነው የባሰው። በማጣሪያው በርሜል ውስጥ የነበረው የፈረንጅ አሸዋ የለም። ጥሩ፣ ደቃቅ፣ የተበጠረ አሸዋ ስለነበር ፈረንጆቹ በሄዱ ሰሞን ለቢሮ ልስን ተወስዷል። ለማን ቢሮ? ለጓድ ደምሴ ቢሮ። በርሜሉ ባዶ እንዳይሆን ብዬ እኔ ራሴ የወንዝ አሸዋ ሞልቼበት ነበር። የወንዝ አሸዋ ደግሞ ግማሹ ጭቃ ነው። ማታ አጥቤው ባድር ኖሮ! ግን ብርድ ልብስ እየመረጥኩ ነበር። እንግዲህ ከሥር ጠርጌ ከላይ እመልሳለሁ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይሄ ነው። ሄጄ፣ ጓድ፣ ማጣሪያው ያለው ግድግዳዎ ላይ ነው ልበለው? እናንተ ብትሆኑ ትሉታላችሁ?

ማጣሪያው አናት ላይ አንድ እጀታ አለ። ወደ ግራ ስታዞረው ውሃው ይጣራና ይመለሳል። ወደ ቀኝ ስታዞረው በሌላ ጎማ ወደ ውጭ ይፈሳል። ውጭ ማለት ከአጥሩ ሥር አልፎ ቁልቁል ነው፤ ካምፑ ከፍታ ላይ ነው ያለው፣ ማሳዎቹ ከሥሩ ናቸው። በልቤ አሰላሁ። ደለሉን ብቻ ላስወጣ፣ ቢበዛ አንድ ስንዝር ቢጎድል ነው፣ ጠርዙ ላይ ቅጠል ነስንሼ እሸፍነዋለሁ። እጀታውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩት። ጓ አለና ዞረ።

እናንተዬ፣ ምን ያህል ያምራል! ደለሉ ተመጥጦ ይሄዳል፣ ውሃው አይደፈርስም፣ ሰማያዊው ይሰፋል። ዓይኔን ከወለሉ ላይ ሳላነሣ አንድ ሰዓት ያህል ጠረግሁ። ጠርዙን አላየሁም። ፈሪ ሰው አንድ ጊዜ መፍራት ሲረሳ ነው የሚጠፋው።

ያነቃኝ ከአጥሩ ማዶ የመጣ ድምፅ ነው። ሼህ ሁሴን ናቸው። ሼህ ሁሴን የውሃ አባት ናቸው፤ የወንዙን ውሃ ለገበሬው በተራ የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸው። በዚያ አገር የውሃ አባት የተናገረውን ካድሬም አይሽረውም፤ ሞክሮ ያየው ስላለ። አጠገባቸው ዘይነባ ቆማለች። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ከአጥራችን ሥር ያለው የሽንኩርት ማሳ የእሷ ነው። ውሃው የሚገባው እሷ ማሳ ውስጥ ነበር። ተራዋ ሊደርስ ገና አሥራ አንድ ቀን ቀርቷት፣ ሽንኩርቱ ጠውልጎ፣ ድንገት ውሃ ከአጥር ሥር ሲመጣ ደስ አላላትም፤ ደነገጠች። የሰው ተራ ሰረቅሽ እንዳልባል ብላ ሮጣ ሼሁን ጠርታቸው ነው። ለካ የምፈራው እኔ ብቻ አልነበርኩም።

ሼህ ሁሴን ውሃውን በጣታቸው ነክተው አዩ፣ ወደ አጥሩ አዩ፣ አሰቡ። ከዚያ ፈረዱ። የወንዝ ውሃ በተራ ነው አሉ። ዝናብና ያልታሰበ ውሃ ግን መጀመሪያ የገባበት ማሳ ሪዝቅ ነው፤ ሲሳዩ ነው። ይሄ ከወንዝ አልመጣም፣ ከካምፕ ነው የወጣው። የዘይነባ ነው። ብለውም የጎማውን ጫፍ ቦዩን እንዳይሸረሽር በድንጋይ አስደገፉት።

ያኔ ጠርዙን አየሁ። ውሃው ከግማሽ በታች ወርዷል።

ፓምፑን አጠፋሁ። ውሃው አልቆመም። ፓምፑ ጠፍቷል፣ ውሃው ይሄዳል! ገንዳው ላይ ነው፣ ማሳው ታች ነው፣ ጎማው በውሃ ሞልቷል፤ ውሃ አንዴ ቁልቁል ከጀመረ ማን ያስቆመዋል? እጀታውን ወደ ግራ ብጠመዝዘው እንቢ አለ፤ አሸዋ ገብቶበት ነክሶታል። ሼሁ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ ጫፉን ወደ ላይ ያንሡልኝ ብዬ በአጥሩ ቀዳዳ ለመንኳቸው። እሳቸው ግን ረጋ ብለው፣ ልጄ ወርቁ፣ ማሳ የገባን ውሃ ሳይጠግብ መንጠቅ ነውር ነው፤ ይጥገብና ይቆማል አሉኝ። ሼሁ፣ እታሰራለሁ አልኳቸው። አላህ ያውቃል አሉ። አላህ እንደሚያውቅ አልጠፋኝም፤ እኔን ያስጨነቀኝ ጓድ ደምሴ ሲያውቅ ነው።

እናንተ ደግሞ አሁን፣ አንተ ሰውዬ፣ መጥረጊያውን ከገንዳው ብታወጣውና አየር ቢስብ ወዲያው ይቆም አልነበረም ትሉኝ ይሆናል። ትክክል ናችሁ። እኔም ትዝ አለኝ። በሦስተኛው ቀን።

በዚያን ሰዓት ግን የማደርገው ባልዲ ይዤ ከገንዳው ዙሪያ መሮጥ ብቻ ነበር። ባልዲው ባዶ ነው። ምን ልሞላበት? ከዚያ የላንድሮቨር ድምፅ ሰማሁ። ስምንት ሰዓት የተባሉት ሰውዬ በአምስት ሰዓት ደረሱ። ትልቅ ሰው ሰዓት አያከብርም፤ ሰዓት ነው እሱን የሚያከብረው።

ትልቁ ጓድ ወፍራም፣ ላብ በላብ የሆኑ፣ መሐረባቸውን በአንገታቸው ያሰሩ ሰው ናቸው። ጓድ ደምሴ ከኋላቸው እየተከተለ መዋኛውን ሊያሳያቸው በኩራት እጁን ዘረጋ። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ገንዳው ውስጥ የቀረው ውሃ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። አንድ እንቁራሪት መሐሉ ላይ ቁጭ ብላ ሁላችንንም ታየናለች። የጓድ ደምሴ ፊት አመድ ለበሰ። እኔን አየ፤ በዚያ አስተያየት ውስጥ ብርድ ልብሴን አየሁት። አፉን ከፈተ፣ "አሻ..." አለ።

ትልቁ ጓድ ግን እሱን አልሰሙትም። አጥሩ ጋ ሄደው ቁልቁል እያዩ ነበር። ማሳው በውሃ ያብለጨልጫል። ዘይነባ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ቦይ ታበጃለች። ይሄ ምንድን ነው አሉ። ሼህ ሁሴን ከታች ሆነው፣ ፈረንጆቹ ይታጠቡበት የነበረው ውሃ ነው፣ ዛሬ ለዚች አባት ለሌላቸው የቲሞች እናት ሽንኩርት ደረሰ፣ አልሐምዱሊላህ አሉ።

ትልቁ ጓድ ደብተር አወጡ። ባዕዳን ይንቦጫረቁበት የነበረ ውሃ ለሰፊው ሕዝብ ማሳ፣ እያሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጻፉ። ጎበዝ፣ የማን ሐሳብ ነው አሉ። ጓድ ደምሴ የተከፈተ አፉን ሳይዘጋ፣ በዕቅዳችን መሠረት ነው፣ ጓድ፣ አላቸው። እንዴት ያለ ሰው ነው! ከ"አሻ" ተነሥቶ "ዕቅድ" ላይ ሲደርስ ትንፋሽ እንኳ አልወሰደም። ከዚያ በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመና፣ አፈጻጸሙ የጓድ ወርቁ ነው አለ። ቢነቃ ጥፋቱ የእኔ እንዲሆን ነው፤ ይሄን እኔም አውቃለሁ፣ እሱም እንደማውቅ ያውቃል። ትልቁ ጓድ ጨበጡኝ። እጄ ደለል ነበር፤ ልብ አላሉትም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። እኔ የፈራሁት አልደረሰም። ያልፈራሁት ነው የደረሰ። በሁለተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። ይሄ አርአያነት ያለው ሥራ ነውና በመንገዱ ለሚያልፉ ጎብኚዎች ሁሉ በሠርቶ ማሳያነት ይደገም ይላል። ለሠርቶ ማሳያው ለቦቴው ናፍጣ ተፈቅዷል። ለእኔም ምስጉን ሠራተኛ የሚል ወረቀት ተሰጠኝ። ከሾፌሩ ጀርባ መቀመጥ ቀረ፤ ምስጉን ሠራተኛ ከፊት ነው የሚቀመጠው። አልማዝ ብርድ ልብሱን መልሼ ልጠፈው ወይ አለችኝ። ተይው፣ አሁን ነው የሚያስፈልገኝ አልኳት። ስሙ ያልታወቀ ሰው ማን ያስታውሰዋል? የታወቀ ሰው ግን በዚያን ጊዜ ሩቅ አይሄድም።

እንግዲህ ሥራው እንዲህ ሆነ። ጎብኚ ሊመጣ ሲል ቦቴው ወንዝ ይወርዳል፣ ውሃ ይሞላል፣ በዘይነባ ማሳ ዳር አልፎ ዳገቱን እየጮኸ ይወጣል፣ ገንዳውን ይሞላል። እኔ ጎማዬን ነክሬ፣ አየሩን አውጥቼ፣ ፓምፗን አስነሥቼ እጠርጋለሁ። ውሃው ቁልቁል ተመልሶ ወደ ዘይነባ ማሳ ይወርዳል። ጎብኚው ያጨበጭባል። እኔ ጠርዙን አያለሁ፤ አሁን የምፈራው ሳያልቅ እንዳይቀር ነው። የትልቁ ፓምፕ ናፍጣ ግን እስከዚያ ድረስ አልመጣም።

አንድ ቀን ቦቴው ሞልቶ ከወጣ በኋላ ዘይነባ አጥሩ ጋ መጣች። ጋሼ፣ ይሄ መኪና ውሃውን የሚቀዳው ከማሳዬ ግርጌ ነው አይደል አለችኝ። ነው አልኳት። የሚያልፈውም በማሳዬ ዳር ነው? አዎ። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባኝ። ይሄን ነገር እኔ ለሳምንታት አስቤው ለአልማዝ እንኳ አልተነፈስኩትም። ግራ ቀኝ አየሁና፣ ዘይነባ፣ በልጆችሽ ይዤሻለሁ፣ እንዳታነሺው፣ እዚያው ማሳዬ ላይ ያፍስሰው ብለሽ ከጠየቅሽ ሁላችንም ነን የምንጠፋው፣ ዝም አይነቅዝም አልኳት።

ዘይነባ ገርሟት አየችኝ።

"ምን ነካህ ጋሼ? ወላሂ እኔ ጅል አይደለሁም። እዚህ ካፈሰሰው እኮ የወንዝ ውሃ ነው፤ ሼሁ በተራ ያደርጉታል። አንተ ዘንድ ገብቶ ሲወጣ ነው የኔ የሚሆነው። የመጣሁት ቦቴው ማሳዬ ዳር ሲያልፍ ያንጠባጥባል ልልህ ነው። የሰው ተራ ሰረቅሽ ሳልባል እባክህ አስጠግንልኝ።"